ዱልዱም ቢላ ከየት መጣ?

ሥዕል እንስላለን፤ ስለት እንሳላለን፤ ቢላ እንስላለን። በአማርኛ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ወደ ግዕዝ ሲኬድ ግን ይለያያሉ፦ ሥዕሉ ከ«ሠዐለ»፣ ስለቱ ለመነ ከሚለው «ሰአለ»፣ ቢላው ደግሞ ከ«ሰሐለ» የመጡ ናቸው። ስለ ሥዕሉና ስለ ስለቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው።

የቢላ ታሪክ የሚጀምረው ከድንጋይ ነው። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ገደሞታ በሚባለው ቦታ፣ ከ200,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ባልጩት ሲፈለጥ ጠርዙ እንደ መስታወት ይቆርጣል፤ ሲዶለዱም መታ አድርጎ አዲስ ጠርዝ ማውጣት ነው። ይሄ ዕውቀት እንደዋዛ አልጠፋም። በኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች በዘመናችንም በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች አይተዋል። ብረት ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ብረት ሲዶለዱም አይፈለጥም፣ ይፈተጋል። ራሱ ቢላ የነበረው ድንጋይ የቢላ አገልጋይ ሆነ።

ይህን አገልጋይ ማን አከበረው ብትሉኝ ጃፓንን እጠራለሁ። ከኪዮቶ ምዕራብ ተራሮች የሚወጣው ልሙጥ ድንጋይ ለሰይፍ ማጠናቀቂያ ይፈለግ ነበር፤ ሰይፍ መሳልም ከአንጥረኛው ሥራ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ መውጣትን ሲከለክል ብዙ ሰይፍ ሠሪዎች ገበያ አጡ። ከነሱም ወደ ወጥ ቤት ቢላ የዞሩ ነበሩ። ለጦር ሜዳ የነበረው ጥንቃቄ ዓሣና አትክልት ወደሚከተፍበት ጣውላ ወረደ ማለት ነው።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ሰው ሠራሽ አልማዝ አወጣለሁ ብሎ ሸክላ አፈርና የከሰል ዱቄት በኤሌክትሪክ ሲያግል ሌላ ነገር አገኘ፦ ሲሊኮን ካርባይድ። ዛሬ አብዛኛው መሳያ ድንጋይ የፋብሪካ ነው፤ ቁጥርም አለው። 400 ሻካራ፣ 1,000 መካከለኛ፣ 6,000 ልሙጥ።

ቁጥሩ ግን ያታልላል። ሰው 6,000 ገዝቶ ይመጣል፤ ቢላው አሁንም ቲማቲም ይጨፈልቃል። ዋናው ሥራ ያለው 1,000ው ላይ ነው። ቢላውን 15 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ አንዱን ጎን መፈተግ፣ በሌላኛው ጎን ጠርዝ ላይ በጣት የምትዳሰስ ቀጭን የብረት ክር እስክትወጣ ድረስ። ክሯ ከጫፍ እስከ እጀታ ካልወጣች ጎን መቀየር የለም። ከወጣች በኋላ ሌላውን ጎን እንደዚያው፤ በመጨረሻ ክሯን በቀላል እጅ እያፈራረቁ ማንሳት ነው። ማዕዘኑን ለመጠበቅ እኔ ጠርዙን በማርከር እቀባለሁ፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ድንጋዩ የት እንደነካ ይነግረኛል። ድንጋዩም መሃሉ እየጎደጎደ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ መደልደል አለበት። ይሄ ሁሉ የጣት ዕውቀት ነው።

ጣት ደግሞ ከሰው ነው የሚማረው። እኛ ጋ አስተማሪው ማን ነበር? ማረሻውንም ካራውንም የሚሠራው ቀጥቃጭ። እሱን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልን አገለልነው። ሥጋችንን እሱ በሠራው ካራ እየቆረጥን፣ ከእሱ ጋር ማዕድ የማንቀርብባቸው ቦታዎች ብዙ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ስድብ አዋጅ ካስወጣ፣ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር አስቡት።

ስለዚህ በየቤታችን ያለው ዱልዱም ቢላ የድንጋይ እጥረት ያመጣው አይመስለኝም። ድንጋይማ ሞልቶናል! እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለን ከባለሙያው አጠገብ ቁጭ ብሎ እጁን ማየት ነው። በበዓል ሰሞን ቢላ የሚስል ሰው ሰፈራችሁ ከመጣ ቢላውን ሰጥታችሁ አትግቡ። ቁሙና ማዕዘኑን እዩ፤ ካላስቸገራችሁት ደግሞ ጠይቁት።