ሲቪ በወንፊት

ሲቪን ከሰው በፊት ኮምፒውተር ማንበብ የጀመረው ኢንተርኔት ወደየቤቱ ሳይገባ፣ ሥራ ፈላጊ ማመልከቻውን በፖስታና በፋክስ በሚልክበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ሲሊከን ቫሊ የተመሠረተው ሬዙሚክስ፣ በወረቀት የመጣን ሲቪ በስካነር አንስቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር፣ ስምን፣ አድራሻን፣ ትምህርትንና የሥራ ልምድን ለይቶ በየቦታው የሚመዘግብ ሶፍትዌር ሠራ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም የሲቪል ሠራተኞች ቅጥሩን ለዓመታት ያካሄደው በዚሁ ሶፍትዌር ነው።

የስካነሩ ዐይን ግን ደካማ ነበር። ያጋደለ ፊደል ያሳስተዋል፤ ከቃል ሥር የተሰመረ መስመር ፊደሉን ያበላሽበታል፤ የወረቀቱ እጥፋት ጽሑፍ ላይ ካረፈ ያ መስመር ሳይነበብ ይቀራል። በሁለት ዓምድ የተጻፈ ገጽ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ስለሚነበብ፣ የትምህርቱ ዝርዝር ከሥራ ልምዱ ጋር ይደባለቃል። ሥራ ፈላጊዎች ነጭ ወረቀት፣ ግልጽ ፊደልና አንድ ዓምድ እንዲጠቀሙ፣ ስቴፕለር እንዳይመቱና ወረቀቱን ሳያጥፉ በትልቅ ፖስታ እንዲልኩ የተመከሩት ለዚህ ነው። ዛሬ ሲቪ ላይ ሰንጠረዥና ሥዕል አታብዙ የሚባለው ምክር የዚያ ዘመን ውርስ ነው፤ ስካነሩ ከሥራ ቢወጣም ሰንጠረዥና ዓምድ የሚያደናግረው ሶፍትዌር ዛሬም አለ።

ከቅርጹ ይልቅ የቃል ምርጫው ለውጥ የጠለቀ ነበር። ቀድሞ የሲቪ አጻጻፍ ምክር የሚያወድሰው ግሥን ነበር፤ «መራሁ»፣ «አደራጀሁ»፣ «አሻሻልሁ» ማለት ትጋት ያሳያል ተብሎ። በኮምፒውተር የሚፈለገው ግን ስም ነው። ቀጣሪው «የበጀት ቁጥጥር» ብሎ ሲፈልግ የሚወጣለት ያን ሐረግ የጻፈው እንጂ፣ አሥር ዓመት በጀት ሲቆጣጠር ኖሮ ሥራውን በሌላ ቃል የገለጸው አይደለም። የሥራ ማስታወቂያውን ቃላት፣ እውነት እስከሆኑ ድረስ፣ በሲቪው ውስጥ መጠቀም ይገባል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1994 ሞንስተር ቦርድ የተባለው የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ተከፈተ። ለማመልከት ቴምብር መግዛት ሲቀር የአመልካቹ ቁጥር ናረ፤ በ1999 የተቋቋመውና በኋላ ታሌዮ የተባለው ድርጅትም ቅጥርን ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ማካሄጃ ሶፍትዌር ይዞ መጣ። ድርጅቱን የሶፍትዌር ኩባንያው ኦራክል በ2012 ገዛው። ቁልፍ ቃላትን በነጭ ቀለም በነጭ ገጽ ላይ የሚደብቁ ብልጣብልጦችም አልጠፉም፤ ሶፍትዌሩ ጌጡን አራግፎ ጽሑፉን ብቻ ሲያወጣ ግን የተደበቀው ለቀጣሪው ገሃድ ይወጣል።

ከአራት ሲቪ ሦስቱን ማሽኑ ይጥላል እየተባለ የሚነገረው አኃዝ በጥናት የተደገፈ አይደለም። አመልካችን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ቀጣሪው ራሱ ያስቀመጠው መስፈርት ነው። በ2021 የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ከአማካሪ ድርጅቱ አክሴንቸር ጋር ያወጣው ጥናት፣ ከስድስት ወር በላይ ከሥራ ውጭ የቆየን ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ የሚያስቀሩ ቀጣሪዎች እንዳሉ አሳይቷል። አማዞን ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ቀድሞ የመጡለትን ሲቪዎች አይቶ የሚማር መራጭ ሶፍትዌር ሠርቶ ነበር። አብዛኞቹ ሲቪዎች የወንዶች ስለነበሩ መራጩ የሴቶችን ዝቅ ማድረግ ተማረ፤ ኩባንያው ውጥኑን መተዉን ሮይተርስ በ2018 ዘገበ።

በአማርኛ ለሚጻፍ ሲቪ ችግሩ ከፊደሉ ይጀምራል። የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በራሱ ቁጥር እንዲያውቅ በሚያደርገው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ሲቪ ለዐይን አማርኛ ሆኖ ሳለ ለሶፍትዌሩ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው።