ድሬዳዋና የበረሃ ጽጌረዳ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፣ መድረሻው ሐረር እንዲሆን የታሰበ ቢሆንም፣ ተራራውን መውጣት አዳጋች በመሆኑ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ በዚያም አዲስ ሐረር የተባለችው የኋላዋ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የሐረርጌ ደጋ አብቅቶ ቆላው በሚጀምርበት ስፍራ በመመሥረቷ፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ባሉት በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ተክል ለማሳደግ የፈለገ ሰው ሁሉ ሙቀቱንና የዝናቡን እጥረት ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ይህን የአየር ጠባይ ከሚቋቋሙት የምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ተክሎች አንዱ፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም ኦቤሱም ነው። ከዴንማርክ ንጉሥ ተልእኮ ጋር ወደ የመን የሄደው የዕፅዋት ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል፣ በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1763 ቢሞትም፣ ስለዚህ ተክል የጻፈው መግለጫ በጓደኛው በካርስተን ኒቡር አሳታሚነት እ.ኤ.አ. በ1775 ለኅትመት በቅቷል። ተክሉ ከቀይ ባሕር ወዲያም ወዲህም መብቀሉ፣ የሁለቱ ዳርቻዎች ደረቅ ምድር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ያስረዳል።

የዚህ ተክል ለጋ ችግኝ ግርጌው አብጦ ስለሚታይ ሽንኩርት መሰል ሥር ካላቸው አበቦች ጋር ሊምታታ ይችላል። በክረምት መግቢያ ቀይ ክብ አበባ የሚያወጣው ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ እውነተኛ ሽንኩርት መሰል ሥር፣ ማለትም ምግብ ያጠራቀሙ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተደራርበው የሠሩት አካል አለው፤ ከዘር ሲበቅልም በአንድ ቅጠል ይጀምራል። የበረሃ ጽጌረዳ ግን በሁለት ቅጠል ይበቅላል፤ ያበጠው ክፍልም ውኃ የሚያጠራቅም ድፍን ግንድ እንጂ ድርብርብ ቅርፊት አይደለም።

እንክብካቤውም ከዚህ አፈጣጠር ይመነጫል። ግርጌው እርጥበት ሲበዛበት ስለሚበሰብስ፣ አሸዋና ጠጠር በተቀላቀለበት አፈር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ተተክሎ፣ በሙቀት ወራት አፈሩ ሲደርቅ በደንብ ሊጠጣ፣ ቅጠሉን በሚያራግፍበት ጊዜ ደግሞ ውኃው ሊቀነስለት ይገባል። በአፍሪካ ልዩ ልዩ አካባቢዎች አዳኞች ቀስታቸውን የመረዙበት ፈሳሹ አደገኛ በመሆኑ፣ ከሕፃናትና ከፍየሎች መራቅ አለበት። ቅጠሉን ማራገፉ የበረሃን ድርቅ የሚያልፍበት ጥበብ እንጂ የሞት ምልክት አለመሆኑን የተረዳ አሳዳጊ፣ ችግኙን በውኃ ብዛት ከመግደል ይድናል።