የአንድ መምህር አደራ
ከናይሮቢ ተነስቶ እስከ ካምፓችን የደረሰው የዊንድል ትረስት አመራር ታሪክ

በዚህ እትም የታሪክ አምዳችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አናወራም። የምናወራው ስለ አንድ መምህርና ስለተከለው ድርጅት ነው።

የስኮላርሺፕ ዝርዝር በተለጠፈ ቀን በትምህርት ቤት ግቢ ያለውን ነገር የማያውቅ መምህርም ተማሪም የለም። ስሙን ያገኘ ይዘላል። ያላገኘው ደግሞ ዝርዝሩን ሁለቴ ሦስቴ ያነብና፣ ምናልባት ከሥሩ ሌላ ገጽ ይኖር ይሆን ብሎ ወረቀቱን ገለጥ ያደርጋል። ማታ ሻይ ቤት የሚወራው ያው አንድ ወሬ ነው። «ማን ነው የመረጠው? በምን መረጠው? ገንዘቡስ የማን ነው?» እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኛም ጎዶማ ሆነን ይህን ስንጽፍ የምንሞክረው፣ ለሦስቱም ከታሪክ መልስ መፈለግ ነው።

የግዕዙ ሊቅ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ ግሪክና ሮም ትምህርት የሚያስተምሩ አንድ እንግሊዛዊ ነበሩ። ስማቸው ሂዩ ፒልኪንግተን ይባላል። ቤተሰባቸው በመስታወት ፋብሪካ የታወቀው የፒልኪንግተን ቤተሰብ ነው። እሳቸው ግን ከፋብሪካው ይልቅ መጽሐፍ መረጡ። ያውም ምን መጽሐፍ? የእኛኑ ግዕዝ! እ.ኤ.አ. በ1978 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ሥራ የመጽሐፈ ምሳሌን የግዕዝ ትርጉም የሚመረምር ነው። እንዲህ ያለ ምርምር ትዕግሥት ይጠይቃል። በእጅ የተጻፉ ብራናዎች አንድ በአንድ ይመሳከራሉ፤ አንዱ ጸሐፊ የዘለለውን ቃል፣ ሌላው የጨመረውን እየለዩ ወደ ጥንተ ንባቡ ለመድረስ ይሞከራል።

ታዲያ ዶክተር ሂዩ ከብራናው ቀና ሲሉ በናይሮቢ መንገድ ላይ ያገኙት ሌላ ዓይነት ኢትዮጵያ ነበር። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ደርግ ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪና መምህሩም ወደ ገጠር ተላከ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 የቀይ ሽብር መጣ። መማር የሚገባው ወጣት ተገደለ፣ ታሰረ፣ የቻለም ድንበር ተሻገረ። በሱዳን የወጣ አለ፣ በጅቡቲ የወጣ አለ፣ በሞያሌ በኩል አድርጎ ናይሮቢ የገባም አለ። ከኡጋንዳም ቢሆን ከኢዲ አሚን አገዛዝ የሸሹ ተማሪዎች በዚያው ከተማ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በኬንያ ያለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ፣ የናይሮቢው ነበር። ሁለተኛው፣ ሞይ ዩኒቨርሲቲ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ለአገሬው ልጅ እንኳ ያልበቃ ቦታ ለስደተኛ ከየት ይመጣል? የሰርተፊኬት ወረቀቱ አዲስ አበባ የቀረበት፣ የትምህርት ክፍያ የሌለው፣ የሚያድርበትም የሌለው ወጣት ዶክተር ሂዩን ያገኛቸው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። እሳቸውም ቤታቸውን ከፈቱ፤ ከኪሳቸው መክፈል ጀመሩ። የድርጅቱ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚቆጠረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ያኔ ቢሮ የለም፣ ቅጽ የለም፣ ቦርድ የለም። ያለው አንድ መምህር፣ አንድ ቤትና አንድ ቦርሳ ነው።

የአንድ ሰው ደግነት የት ድረስ ይሄዳል?

እንዲህ ያለው አሠራር ትልቅ ጥቅም አለው። ሰጪው ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ወረቀት ባይኖረውም ቁጭ ብሎ ሲያወራው ምን ያህል እንደተማረ ይገባዋል። ጉዳቱም ግን ግልጽ ነው። ሰውየውን ያገኘ ይማራል፤ ያላገኘ አይማርም። ሰውየው ከታመመ ወይም ከሞተ ደግሞ ሁሉም ነገር አብሮ ይቆማል።

የተፈራውም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዶክተር ሂዩ ለስብሰባ ወደ ካናዳ በሄዱበት በመኪና አደጋ ሞቱ። በዚያን ሰሞን በእሳቸው ክፍያ ይማር የነበረ ተማሪ ምን ተሰምቶት ይሆን? እኛ በካምፕ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመገመት አይከብደንም። ፕሮጀክት ሲዘጋ አይተናል።

ነገር ግን አልቆመም። ሀብታቸው ለዚሁ ሥራ ዋለ፤ በስማቸውም የሂዩ ፒልኪንግተን የበጎ አድራጎት ትረስት ቆመ። ይኸው ድርጅት በኋላ ዊንድል ትረስት ተባለ። ዛሬ በኬንያ የምናውቀው ዊንድል ኢንተርናሽናል ኬንያ የዚያ ልጅ ነው።

አደራ ማለት

እዚህ ላይ ቆም ብለን «ትረስት» የሚለውን ቃል እንመልከት። በአማርኛ አደራ ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ድርጅት ውስጥ ገንዘቡ የመሪው አይደለም፤ የመሥራቹም መሆኑ ቀርቷል። ባለአደራዎች የሚባል ቦርድ ይሰየማል። ቦርዱ ገንዘቡን ይጠብቃል፣ ለታሰበለት ዓላማ መዋሉን ይቆጣጠራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይሾማል፣ ሲያጠፋም ይጠይቃል። ሥራ አስኪያጁ የዕለት ተዕለቱን ይመራል፤ ለቦርዱም ሪፖርት ያደርጋል። ሽማግሌዎቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። የትረስት ሕግ ይህንኑ በወረቀት ያሰፈረ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እንግዲህ «ገንዘቡስ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የማንም አይደለም፤ አደራ ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚያድን ለማየት ወደ አገራችን መለስ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሚባል ተቋም ነበር። ለምርምር፣ ለኪነ ጥበብና ለሥነ ጽሑፍ ይሸልም ነበር። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ባለቅኔው ፀጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 ከዚሁ ተሸልመዋል። ዛሬም ሰው ሲያወሳው የሚኖር ሥራ ነው። ሆኖም ድርጅቱ ስሙም ህልውናው ከዘውዱ ጋር የተያያዘ ነበርና፣ ዘውዱ ሲወድቅ አብሮ ቆመ። በናይሮቢ የአንድ መምህር ቤት የተጀመረው ሥራ ግን መሥራቹ ሞቶ እንኳ ቀጠለ። ልዩነቱ የገንዘብ ብዛት አይመስለንም። የአንዱ ሥራ ከባለሥልጣኑ ተለይቶ የሚቆምበት እግር አላገኘም፤ ሌላው በባለአደራዎች እጅ ገባ።

ጥያቄው ሲቀየር

የዊንድል መሪዎች ትልቁ ፈተና የመጣው ከ1991 በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 የሶማሊያ መንግሥት ፈረሰ፤ በግንቦት ደርግ ወደቀ። በኬንያ ከጥቂት አሥር ሺዎች ያልዘለለው የስደተኛ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1992 ከ400,000 በላይ ሆነ። የዳዳብ ካምፖች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ተከፈቱ። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ተከፈተ፤ ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ቀድሞ በኢትዮጵያ ካምፖች የነበሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ይገኙበታል። በእኛ በኩልም በሶሎሎ አቅጣጫ ዋልዳ ላይ የኢትዮጵያ ስደተኞች ካምፕ ነበር፤ ሲዘጋ ብዙ ሰው ወደ ካኩማ ተዛወረ። የሞያሌ ሰው ይህን አይረሳም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018ም ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ ሰሞን ሲሻገር ያየ ከተማ ነው።

ለ400,000 ሰው የአንድ ቤትና የአንድ ቦርሳ አሠራር ምን ይሠራል? ምንም። ስለዚህ መሪዎቹ ጥያቄውን ቀየሩት። በፊት የሚጠየቀው «የትኛውን ተማሪ እንርዳ?» የሚል ነበር። አሁን ግን «ብዙ ተማሪ ለውድድር እንዲደርስ ምን ይጎድለዋል?» ተባለ። መልሱም ቋንቋ፣ መምህርና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ። ዊንድል በካምፖች እንግሊዝኛ ማስተማር፣ መምህራንን ማሠልጠን፣ ቆይቶም በካኩማና በዳዳብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ማስተዳደር ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከካናዳው የዓለም ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጋር በመተባበር ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቷል። ሴት ልጅ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሕፃን አዝላ ከወንዱ እኩል ለሂሳብና ለሳይንስ ፈተና መቅረብ እንደማትችል ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ለውጥ የመሪው ማንነት ነው። ሥራው ከእንግሊዝ ብቻ የሚመራ መሆኑ ቀርቶ በየአገሩ የራሱ ቦርድ ያላቸው ድርጅቶች ተፈጠሩ። የኬንያውን ድርጅት ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ማራንጉ ንጆጉ የሚባሉ ኬንያዊ ናቸው። ከእንግሊዛዊ መሥራች ወደ ኬንያዊ መሪ መሸጋገሩ ቀላል ነገር አይደለም። የአገሩን የፈተና ሥርዓት፣ የትምህርት ሚኒስቴሩን በር፣ የካምፑን አቧራ የሚያውቅ ሰው ወሳኝ ሆነ ማለት ነው።

የተገኘውና የቀረው

ስኮላርሺፑም አልቀረም፤ መንገዱ ግን ሰፋ። የካናዳ ተማሪዎች ከክፍያቸው ላይ እያዋጡ ስደተኛ ተማሪ የሚቀበሉበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተጀመረው፤ በኬንያ ካምፖች በምልመላው ዊንድል ይሳተፋል። ዳፊ የምንለው ስኮላርሺፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ተጀመረ። ስሙ የተሰየመው በአልበርት አይንስታይን ነው፤ ያ ታላቅ ሳይንቲስት ራሱ ስደተኛ ነበርና። እስካሁን ከ20,000 በላይ ተማሪዎች በዳፊ ተምረዋል።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ቦታው ጠባብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 3፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመቶ 7 ነበር። ግቡ እ.ኤ.አ. በ2030 ከመቶ 15 ማድረስ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ያልወጣ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም። አብዛኛውን ሰነፍ ማለት ይሆናላ!

እውነቱን እንናገር። ድርጅቱ ሲሰፋ የጠፋም ነገር አለ። ዶክተር ሂዩ ወረቀት የሌለውን ልጅ አስቀምጠው ማናገር ይችሉ ነበር። ዛሬ ግን ማርክ፣ ሰርተፊኬት፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ ቃለ መጠይቅ ይጠየቃል። ከእኛ መካከል ሰርተፊኬቱ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው አለ። ቅጹ ላይ «አያይዙ» የሚለውን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ቅጽ ዓይን የለውም። ግን ደግሞ ቅጽ ዘመድ የለውም፤ ጎሳ አይጠይቅም፣ ሻይ አይጋበዝም። ብዙ ሰው በእኩል ዓይን ይታይ ከተባለ ደንብ የግድ ነው። የጥሩ አመራር ሥራ ደንቡን ይዞ ዓይኑንም አለማጣት ነው። መስፈርቱን አስቀድሞ መለጠፍ፣ ወረቀት ለጠፋበት ሌላ ማረጋገጫ መፈለግ፣ ላላለፈውም ለምን እንዳላለፈ መንገር የአመራሩ ግዴታ ሊሆን ይገባል። «አላለፍክም» ብቻ ተብሎ የተሸኘ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ምኑን ያሻሽል?

አደራው የእኛም ነው

ውድ መምህራን፣ ይህ ነገር ናይሮቢ ላሉት መሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በኢንሴንቲቭ የምናስተምር ብንሆንም አደራው እኛም እጅ አለ። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ማርክ ስንሞላ፣ ማስታወቂያውን ለሁሉም ክፍል ስናነብ ወይም ለምናውቀው ብቻ ሹክ ስንል፣ ባለአደራ ሆነናል። ማስታወቂያው ለሴቶቹም፣ ካምፑ ዳር ለሚኖሩትም መድረሱን እንጠይቅ።

ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም መስፈርቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ወረቀታችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ቀኑ ከማለፉ በፊት አመልክቱ። አንድ ነገር ደግሞ በጆሯችሁ ይግባ፦ የስደተኛ ስኮላርሺፕ በገንዘብ አይሸጥም። «ይህን ያህል አምጣና ስምህን አስገባለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ አደራ የሚሰርቅ ነው። ዝም አትበሉት፣ ለትምህርት ቤታችሁ አስታውቁ።

ከብራና ጋር ሲታገሉ የነበሩት መምህር ቤታቸውን ሲከፍቱ፣ ሥራው ከእሳቸው ሞት በኋላ በዚህ መጠን እንደሚሰፋ ያውቁ ነበር ብለን አናስብም። ያደረጉት ነገር በፊታቸው ለቆመው ተማሪ መክፈል ብቻ ነበር። ተከታዮቻቸው ደግሞ ያንን ያላየነውም ተማሪ እንዲደርሰው አደረጉ። በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ ስማችሁ ቢወጣ ጥሩ። ባይወጣም ለምን እንዳልወጣ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እኛም የመመለስ ግዴታ አለብን።