የኮሎኔል ሻው መቃብር



ወጣቱ መኮንን ሮበርት ጉልድ ሻው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥቁር ወታደሮች የተሰለፉበትን 54ኛውን የማሳቹሴትስ ሬጅመንት እንዲመራ ሲጠየቅ በመጀመሪያ አልፈቀደም፤ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ ተቀበለ። ወታደሮቹ ከነጮቹ ያነሰ ደመወዝ አንቀበልም ባሉ ጊዜም ከጎናቸው ቆመ።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1863 በደቡብ ካሮላይና የዋግነርን ምሽግ ሲያጠቃ በ25 ዓመቱ ወደቀ። ጠላቶቹ ሊያዋርዱት አስበው ከወታደሮቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። አባቱ ግን አስከሬኑ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ልጃቸው ከወታደሮቹ ጋር ማረፉን እንደ ክብር ቆጠሩት።

በቦስተን በ1897 የቆመው ሐውልት የሞቱትን መኮንኖች ስም ብቻ ይዞ ነበር፤ የወታደሮቹ ስም የተጨመረው በ1980ዎቹ ነው። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ጉድጓዱ በአንድ ቀን እኩል ያደረጋቸውን ሰዎች መታሰቢያው እኩል ለማድረግ ከሰማንያ ዓመት በላይ እንደ ፈጀበት ነው።