ሰም ወይስ ሲላንት? የአዲስ ተሽከርካሪን ቀለም ከአርባ ምንጭ ፀሐይና ከጨንቻ ዝናብ ለመጠበቅ

በጋሞ ዞን የቤት መኪና፣ አይሱዙ ወይም ባጃጅ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ፣ ለሌላው ደግሞ ተከፍሎ ያላለቀ ብድር ነው። ይህ ንብረት ለሽያጭ በሚቀርብበት ዕለት ገዢ ሞተሩን ከማስነሳቱ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ኮፈኑ የነጣ፣ ጣሪያው የተላጠ ተሽከርካሪ ውስጡ ደኅና ቢሆንም ዋጋው ይወርዳል። ከዚህም በላይ ቀለሙ ያለቀ ላሜራ ለዝገት ይጋለጣል፤ የዛገን አካል ቆርጦ፣ ስቱኮ ሞልቶ እንደገና መቀባት ደግሞ ለዓመታት ሰም ከመቀባት እጅግ ይበልጥ ያስወጣል። በመሆኑም ጥበቃው መጀመር ያለበት ቀለሙ ገና አዲስ ሳለ ነው።

ቀለሙ ምን ያህል ስስ ነው?

በፋብሪካ የተቀባ ተሽከርካሪ ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከላሜራው በላይ ዝገት የሚከላከል መነሻ ሽፋን፣ ቀጥሎ ማያያዣ ሽፋን፣ ከዚያ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም መልኩን የሚጠብቅ ግልጽ ሽፋን ይደረደራሉ። አራቱ በአንድነት ሲለኩ ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስምንት አንድ እጅ ገደማ አይበልጥም። ፀሐዩን፣ አቧራውንና ዝናቡን ቀድሞ የሚቀበለው ግልጽ ሽፋን ብቻውን ደግሞ ከሰው ፀጉር የቀጠነ ነው። ይህ ሽፋን አንዴ ከተሰነጠቀና መላጥ ከጀመረ በየትኛውም ሰም አይመለስም፤ መድኃኒቱ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ሰምም ሆነ ሲላንት የሚቀባው በዚህ ሽፋን ላይ ተደርቦ በእርሱ ፈንታ እንዲጎዳ ነው።

የአካባቢው ጠላቶች

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 እስከ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ሰሞን፣ በቀትር በቀጥታ ከአናት በላይ ትውላለች። በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ጣሪያውና ኮፈኑ ናቸው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ተሽከርካሪ ፀሐይ ላይ ሲውል የላሜራው ሙቀት ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

ከከተማዋ ወደ ሰሜን ዳገቱን የወጣ ተሽከርካሪ ደግሞ ሌላ አየር ይገጥመዋል። ዶርዜን አልፎ ጨንቻ ሲደርስ ከፍታው ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ብርዱና ጭጋጉ ፀሐዩ የቀነሰ ያስመስላል፤ ነገር ግን ቀለምን የሚያነጣው የማይታየው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በመቶ አሥር ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ዝናቡና ጭቃው በፓራፋንጎ ውስጥና በበር ሥር ለረጅም ጊዜ ርጥበት ይዞ ይቆያል። በቆላና በደጋ መካከል የሚመላለስ መኪና ሁለቱንም ፈተና በአንድ ቀን ያስተናግዳል።

ሌሎችም አሉ። በማንጎ ዛፍ ሥር የሚቆም መኪና ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ቀለሙን ያቃጥላል። ሙዝ የሚጭኑ አይሱዙዎች እንደሚያውቁት የሙዝ ጭማቂ ልብስም ሆነ ቀለም ላይ ከደረቀ ቡናማ እድፍ ይተዋል። የአእዋፍ ኩስ እንዲሁም ማታ ማታ በሐይቆቹ አካባቢ ከመኪናው ፊት ጋር የሚላተሙ ነፍሳት ቅሪት በሙቀት ከደረቁ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ፣ ግልጹን ሽፋን ይበላሉ። በበጋ የሚነሣው አቧራ ደግሞ ደረቅ ጨርቅ ሲነካው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ሦስቱ አማራጮች

በገበያ የሚገኙት መከላከያዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሰም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዝነኛው ካርናውባ ሲሆን፣ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል ይገኛል። ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ለቀለሙም ጥልቅ ድምቀት ይሰጣል። ድክመቱ ዕድሜው ነው። ለዘብ ባለ አየር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚቆየው ካርናውባ በቆላ ፀሐይ ውሎ በሚያድር መኪና ላይ አንድ ወር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ሁለተኛው ሲላንት ወይም ማሸጊያ የሚባለው፣ በፋብሪካ የሚዘጋጅ ፖሊመር ነው። ከግልጹ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ስለሚደርቅ ሙቀትንና ሳሙናን ከሰም ይበልጥ ይቋቋማል። በመደበኛ ሁኔታ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያገለግላል። ድምቀቱ ከካርናውባ ይልቅ ደረቅ ያለ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነው።

ሦስተኛው የሴራሚክ ሽፋን ነው። መሠረቱ የሲሊካ ውሁድ ሲሆን፣ በትክክል ከተቀባ ከአንድ ዓመት እስከ ጥቂት ዓመታት ይቆያል። ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ቀለሙ ፍጹም ካልጸዳና ሥራው አቧራ በሌለበት ክፍል ካልተከናወነ ቆሻሻውን ከነጭረቱ ሥሩ ያስቀረዋል። በስህተት የተቀባ ሴራሚክ የሚነሣውም በመፈግፈግ ነው። ቤት ውስጥ ለመሞከር የሚመች ሥራ አይደለም።

የማር ሰምስ?

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ፣ በማር ሰምም ከዓለም ዋነኛ አምራቾች አንዷ ናት። ስለዚህ በቅርብ የሚገኘውን ሰም መኪና ላይ መቀባት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ችግሩ የመቅለጫው መጠን ነው። የማር ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ጠቆር ያለ ጣሪያ በቆላ ቀትር ይህን ያልፋል። ሰሙ ሲለሰልስ አቧራ ይይዛል፤ አቧራው ሲጠረግ ደግሞ ቀለሙን ይጭራል። የማር ሰም ጥቅም ላይ የሚውለው በፋብሪካ ከካርናውባና ከዘይት ጋር በተመጠነ ውህድ ነው።

ለጋሞ የትኛው ይስማማል?

ዓመቱን ሙሉ ውጭ ለሚያድርና በቆላው ለሚሠራ ተሽከርካሪ ከዋጋውም ከዕድሜውም አንጻር ሚዛን የሚደፋው ሲላንት ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ የሚያሳድር፣ በየወሩ ለመቀባትም ጊዜ ያለው ሰው ካርናውባን ቢመርጥ አይሳሳትም። ሁለቱንም ማጣመር ይቻላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ሲላንቱ ቀድሞ በንጹሕ ቀለም ላይ ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ ሰሙ ይደረባል። ሰም በተቀባ ላሜራ ላይ የሚቀባ ሲላንት አይጣበቅም።

በግዢ ጊዜ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። “ክሊነር”፣ “ኮምፓውንድ” ወይም “ፖሊሽ” የሚሉ ቃላት ያሉበት ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚፍቅ ዱቄት አለበት። ለአሮጌና ለደበዘዘ ቀለም ሊጠቅም ይችላል፤ ከአዲስ መኪና ላይ ግን ያን ስስ ሽፋን ያለ ምክንያት ይቀንሳል። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ጊዜው ያለፈ ወይም በሱቅ በር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዕቃም መወሰድ የለበትም።

“አዲስ” ማለት “ንጹሕ” ማለት አይደለም

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ አርባ ምንጭ የሚደርስ መኪና ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። የባሕር ጨው፣ የብረት ብናኝ፣ ሬንጅና አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ከውጭ የሚመጡት አዳዲስ የቤት መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። ቀለማቸው ከሌላው አይለይም፤ አጠባበቁም አንድ ነው። ልዩነቱ ሲታጠቡ ነው፦ በኃይል የሚረጭ ውሃ ወደ ቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳና ከሥር ወዳሉት የኤሌክትሪክ መስመሮች መተኮስ የለበትም።

የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የደረቀ ስለሆነ መኪናው በተረከቡበት ቀን ሊቀባ ይችላል። በጋራዥ እንደገና የተቀባ ግን ይለያል። በቀለሙ ውስጥ የቀረው ማቅጠኛ ተንኖ እስኪወጣ ከ30 እስከ 90 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛውን ጊዜ ቀቢው እንደ ቀለሙ ዓይነት ይናገራል። ከዚያ በፊት የሚቀባ ሰም ትነቱን አፍኖ ቀለሙን ያለሰልሳል። በጠጠር መንገድ ላሜራው እስኪታይ የተመታ ቦታ ካለም አስቀድሞ በቀለም መሸፈን አለበት፤ ሰም የጀመረ ዝገትን አያቆምም።

አቀባቡ

ሥራው የሚጀመረው በማለዳ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጥላ ሥር፣ ላሜራው በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ ሆኖ መገኘት አለበት። መኪናው በሚገባ ታጥቦ ይደርቃል። መዳፍ ሲያልፍበት የሚሻክር ከሆነ ለዚሁ በተሠራ የማጽጃ ጭቃ በሳሙና ውሃ እየረጠበ ይታሻል።

ሲላንቱ በስፖንጅ እጅግ ስስ ተደርጎ በአንድ በአንድ አካል ላይ ይቀባል። ለአንድ የቤት መኪና ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ማብዛት ጥበቃውን አይጨምርም፣ ሥራውን ብቻ ያከብዳል። በዕቃው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ ባይነካው ይመረጣል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ተመልሶ ቀለም አይነካም። የፊት መስተዋት፣ የፍሬን ዲስክ፣ ጎማና የሞተር ብስክሌት ወንበር አይቀቡም፤ መስተዋት ዝናብ ሲመጣ ያደበዝዛል፣ ሌሎቹ ለአደጋ ይዳርጋሉ።

ድካሙን የሚያፈርሱ ልማዶች

ጥሩ ሲላንት በመጥፎ አስተጣጠብ በአንድ ወር ያልቃል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ቅባትን ለማንሣት የተሠራ ስለሆነ ሰሙንም ያነሣዋል። ለመኪና የተዘጋጀ ሻምፖና ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙናው ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ፣ ብዙ ጭረት ያስቀራሉ። አቧራው መጀመሪያ በውሃ ይወርዳል እንጂ በደረቁ አይጠረግም። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ነክሮ መወልወል ለሰዓታት ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ሰሙን አሟሙቶ አቧራ የሚይዝ ቅባት ይተካል።

የውሃው ምንጭም ይታሰብበታል። የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ውሃ ጨዋማነት ያለው በመሆኑ ቀለም ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ያስቀራል፤ የዓባያ ውሃ በተጨማሪ ቀይ ደለል ይዟል። በኩልፎ ወንዝ ዳር መኪና ማጠብ ደግሞ ጉዳቱ ከመኪናው ያልፋል። ከሞተርና ከጎማ የሚታጠበው ዘይትና ሳሙና በወንዙ ወርዶ ጫሞ ይገባል፤ ከዚያ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከወንዙ መስኖ የሚጠልፍ ሰው አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን መበከል ይከለክላል። ፍሳሹን የሚያጣራ ጉድጓድ ያለው ላቫጆ መምረጥ ለሁሉም ይበጃል።

የዓመቱ መርሐ ግብር

በአርባ ምንጭ ቆላ ዋናው ዝናብ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመስከረም ጀምሮ ይመጣል። በዚህ መሠረት ሲላንትን በዓመት ሦስት ጊዜ መቀባት ተገቢ ነው፦

በየካቲት፤ የመጋቢት ፀሐይና የበልጉ ዝናብ ሳይደርሱ።

በሰኔ፤ ዋናው ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ጭቃው ከፓራፋንጎና ከበር ሥር በደንብ ታጥቦ።

በጥቅምት መጨረሻ፤ ሁለተኛው ዝናብ ሲጋባና የበጋው አቧራ ሳይጀምር።

በጨንቻና በሌሎች የደጋ ወረዳዎች ዝናቡ በቆላው ልክ ስለማይቋረጥ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ምልክቱን መከተል ይሻላል። ምልክቱ ቀላል ነው። በታጠበ ኮፈን ላይ ጥቂት ውሃ ሲፈስስ ክብ ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ሽፋኑ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ ጊዜው አልፏል። ሙከራው መደረግ ያለበት ጣሪያው ላይም ጭምር ነው፤ ፀሐይ መብላት የምትጀምረው ዓይን ከማያየው ቦታ ነውና።

በሁለቱ ቅቦች መካከል የአእዋፍ ኩስ፣ የማንጎ ፈሳሽና የሙዝ ጭማቂ በዕለቱ በርጥብ ጨርቅ ይነሣሉ። ዓመቱን ሙሉ ከሚቀባው ሁሉ ግን ወጪ የማይጠይቀው መከላከያ ጥላ ነው። የሚያንጠባጥብ ዛፍ ሳይሆን የቆርቆሮ ወይም የሣር ዳስ ያለው ሰው የሲላንቱን ዕድሜ ያረዝማል፤ የመኪናውንም ዋጋ እስከሚሸጥበት ቀን ይዞ ይቆያል።