የመንዝ ገብስና የምድጃው ታሪክ



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በየዕለቱ በፊታችን የሚቀርብ ሆኖ ሳለ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ዐልፈውት የሚሄዱት ነው፤ ይኸውም የምግብ ነገር ነው። ነገሥታት የተዋጉበት ቀንና ቦታ ይጻፋል፤ ሠራዊቱ በዚያ ቀን ምን በልቶ እንደ ዋለ፤ ያንንም ምግብ ማን እንደ ቈላውና እንደ ፈጨው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩን በጅምላ ከመናገር በአንድ አገር ላይ ማሳየት ይሻላልና መንዝን፤ ከመንዝም ጌራ ምድርንና ከተማዋን መሐል ሜዳን እንመልከት።

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳል፤ ውርጩም የመኸሩን አዝመራ ስለሚያቃጥለው ብዙው ገበሬ ተስፋውን የሚጥለው በበልግ ዝናብ ላይ ነው። ጤፍ በዚህ ከፍታ አይሆንም፤ ገብስ ግን ይሆናል። ስለዚህ የመንዝ ሰው እንጀራውም፤ ዳቦውም፤ ቆሎውም፤ በሶውም፤ ጠላውም ገብስ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ዛፍ ጥቂት በመሆኑ የሚነደው ኩበት ነው፤ በድንጋይ በተሠራውም ቤት ውስጥ ወጡን የሚያበስለውና ቤተ ሰቡን የሚያሞቀው እሳት ያው አንዱ ነው። ሰው ወደ ምድጃው የሚቀርበው ስለ ራበው ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱንና ጨዋታውን ፈልጎም ነው።

የዛሬ ሊቃውንት ስለ ገብስ የሚሉትን ብንሰማ አባቶቻችንና እናቶቻችን በልማድ ያገኙትን የሚደግፍ ሆኖ እናገኘዋለን። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል ነገር አለ፤ ይህም በሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ስኳሩ ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ያደርጋል፤ በደም ውስጥ ያለውንም ኮሌስትሮል ይቀንሳል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1998 ዓ.ም. የገብስ ምግብ የልብን በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ በመጠቅለያው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። እንዲሁም የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ ሲበላ አንዱ የጐደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ ሊጡም በእርሾ መቡካቱ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት ይበልጥ እንዲስማማ ያደርገዋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የሸዋ ነገሥታት ዘር አባት የሆነው ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዚሁ ከመንዝ ምድር ነው። ከዘሩ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ፤ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ሞፈሩ ተሰቀለ፤ ድርቁና አንበጣውም ተጨመረበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ይህን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ አርአያ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ረኀብ የሚያደርሰው ጉዳት በሥጋ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በር ያዘጋል። እንግዳ ሲመጣለት ደስ ይለው የነበረ ሰው የእግር ኮቴ በሰማ ቍጥር ይሸማቀቃል። የሚያበላውን ያጣው በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ዕፍረቱ ግን የእርሱ ነው። ይህንን በ1977 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋን የመታውን ረኀብ ያዩ ሁሉ ይመሰክሩታል።

ክፉው ቀን ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም.፤ የዐድዋ ክተት ታወጀ። ወታደሩ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ ይወጣ ስለነበር በሶ ትልቅ ነገር ነበረ። ገብሱ አስቀድሞ ተቈልቶ የተፈጨ በመሆኑ ቶሎ አይበላሽም፤ እሳትም አይፈልግም፤ ውሃና ጨው ከተገኘ በመዳፍ ላይ ታሽቶ ይበላል። ያም ሆኖ የካቲት 23 ቀን ውጊያው ሲገጥም ስንቁ ተመናምኖ ከሠራዊቱ ከፊሉ እህል ፍለጋ ተሰማርቶ ነበር። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ሠራዊቱ በረኀብ ምክንያት ሊበተን ይችል ነበር ማለት ነው።

ያንን ስንቅ ያዘጋጁት እጆች የሴቶች ነበሩ። የሞተር ወፍጮ በየከተማው ከመግባቱ በፊት የቤቱ እህል ሁሉ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ይፈጭ ነበር፤ ሴቲቱም ከወፍጮው ተነሥታ ወደ ጢሱ ትገባለች። ዶክተር ሔለን ፓንክኸርስት በመንዝ ተቀምጠው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ የገበሬ ሴቶች ኑሮና የቤት ሥራ ሰፊ ቦታ ይዟል። የኩበት ጢስ ሳንባን እንደሚጎዳም የዓለም የጤና ድርጅት ደጋግሞ አስታውቋል። እንግዲህ ለቤተ ሰቡ ጤና የሆነው ምድጃ ለባለ ምድጃዋ ሕመም ሊሆንባት ይችላል። ይህን ሳያነሡ የአገር ምግብን ብቻ ማመስገን፤ እውነቱን ለመናገር፤ ግማሽ ሥራ ነው።

ታዲያ ሁሉን የምታበላውን እርሷን የሚያበላት ማን ነው? በልማዳችን ከምድጃዋ የምትነሣበት ጊዜ በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው ዐራስ ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜ ጐረቤት ሴቶች ተሰብስበው ገንፎውን ያገነፋሉ፤ መሐሉን ጐድጕደው ቅቤ ያፈሱበታል፤ አጥሚቱንም በትኵሱ ያጠጧታል። የሚሰጣት ብርታት ለሰውነቷ ነው፤ ነገር ግን ብቻዋን እንዳልሆነች ማወቋም ከዚያ የሚያንስ አይደለም።

ሁለተኛው በኀዘን ጊዜ ነው። የሞተበት ቤት ምጣድ አይጥድም፤ ጐረቤት ከየቤቱ እዝን ይዞ ይመጣል፤ ንፍሮም ተቀቅሎ ለለቀስተኛው ይታደላል። ያዘነች ሴት እህል አልወርድ ስለሚላት አጠገቧ የተቀመጠችው ጐረቤት እንጀራውን ቈርሳ እስከ አፏ ታደርስላታለች፤ «እስቲ ይችን ብቻ» ትላታለች፤ እርሷም ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ሰዪቱ ብላ ትጐርሣለች። በማግስቱ ደግሞ ሌላዪቱ ጐረቤት ሌላ መሶብ ይዛ ትመጣለች።