አመረቀዘ

ቁስል «አመረቀዘ» ስንል ደማ ማለታችን አይደለም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ጠርዙ ግን ይቀላል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ጫን ሲሉት መግል ያወጣል። ቃሉን የምወደው ጊዜን ስለያዘ ነው፤ ትናንት የዳነ የመሰለው ዛሬ ያመረቅዛል። ቂምም እንዲሁ።

ብዙ ጊዜ ከሚያመረቅዝ ቁስል ጀርባ ባዮፊልም አለ፦ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩት የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን። መድኃኒት በቀላሉ አይዘልቀውም።

አሁን የእንዲህ ያለ ቁስል ሕክምና ሲነሣ ብር የተባለው ማዕድንና «ናኖ» የሚባል ቃል አብረው ይነሣሉ። «ናኖ» ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ድንክ ማለት ነው። ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብር እስከዚያ ሲደቅቅ የገጹ ስፋት እጅግ ይበዛል፤ እርጥበት ሲያገኝ የሚለቃቸው አየኖች የባክቴሪያውን ሽፋንና ፕሮቲን ይጎዳሉ። ካናዳዊው ሮበርት በሬል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚህ መንገድ የሠራው የቁስል መሸፈኛ ለቃጠሎ ሕክምና ውሏል። ነርሷ መሸፈኛውን የምታረጥበው በንጹሕ ውኃ ነው፤ በጨው ውኃ ከሆነ ክሎራይዱ ብሩን ይዞ ያስቀረዋል።

«ተአምረኛ» መባሉን ግን አልቀበልም። ብር የሞተ ሥጋ አያነሣም፤ ያመረቀዘ ቁስል ዛሬም መጀመሪያ መጠረግ አለበት።